የገምጋሚው ጊዜ፦ በክፍት ምንጭ ድራይቨር ልማት ውስጥ የኮድ ግምገማና መከባበር

በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ከሚገኘው የምንጭ ኮድ ከግማሽ የሚበልጠው የድራይቨሮች ነው። የኔትወርክ ካርድ፣ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ፣ የግራፊክስ ካርድ ወይም አነስተኛ የሙቀት መለኪያ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚግባባው በእነዚህ የኮድ ክፍሎች አማካይነት ነው። አንድ ድራይቨር ወደ ዋናው ኮድ ከመግባቱ በፊት ሌሎች ገንቢዎች ያነቡታል፣ ይተቹታል፣ አብዛኛውን ጊዜም ለእርማት ይመልሱታል። ግምገማው በአደባባይ የሚካሄድና ተመዝግቦ የሚቀር በመሆኑ በዚያ የተሰነዘረ ክፉ ቃል ከዓመታት በኋላም ይነበባል። ከዚህ የተነሣ በክፍት ምንጭ ሥራ ስለ መከባበር የሚደረገው ክርክር በአመዛኙ ስለ አነጋገር ለዛ የሚደረግ ክርክር ሆኖ ቆይቷል። ይህ አመለካከት ጠባብ ነው። በድራይቨር ልማት እጅግ የሚያጥረው ሀብት የገምጋሚው ጊዜ ነው፤ መከባበርም የሚለካው ላኪውም ሆነ ገምጋሚው በዚህ ሀብት በሚያደርጉት ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ከዚህ ሀብት ብዙ ወስደው ጥቂት ከሚመልሱት ወገን ናቸው።

ድራይቨርን መገምገም ሌላ ኮድ ከመገምገም የሚለይበት ዐቢይ ምክንያት አለ፤ መሣሪያው ብዙ ጊዜ በገምጋሚው እጅ አይገኝም። የመሣሪያው የቴክኒክ መግለጫም በአምራቹ ዘንድ በምስጢር ተይዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገምጋሚው ኮዱን በመሣሪያው ላይ አስኪዶ ማየት ስለማይችል ያለው አማራጭ ማንበብና መጠየቅ ነው። «በዚህ ሬጅስተር ላይ ለምን ሁለት ጊዜ ይጻፋል? ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ከየት መጣ? መሣሪያው በሥራ ላይ ሳለ ቢነቀል የተያዘውን ማኅደረ ትውስታ የሚለቅቀው ማን ነው?» እነዚህን የመሳሰሉት ጥያቄዎች ለላኪው እንደ ችሎት ምርመራ ሊሰሙ ይችላሉ። ለገምጋሚው ግን ከእነርሱ ሌላ መፈተሻ የለውም። ስሕተቱ ቢያልፍ መዘዙ ቀላል አይደለም። የድራይቨር ኮድ ከከርነሉ ጋር በአንድ የሥልጣን እርከን ስለሚሠራ አንድ የተሳሳተ አድራሻ የሌላውን ክፍል ማኅደረ ትውስታ ሊያበላሽ ይችላል። የሎክ አጠቃቀም ስሕተት ደግሞ ሁለት ፕሮሰሰሮች በአንድ ቅጽበት ሲገናኙ ብቻ የሚታይ፣ በፈተና ጊዜ ተሰውሮ በተጠቃሚው ቤት የሚገለጥ ብልሽት ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት የባለቤትነት ነው። ሊኑክስ በከርነሉ ውስጥ ለድራይቨሮች የማይለወጥ የውስጥ መገናኛ እንደሚያቀርብ ቃል አይገባም። መገናኛው ሲለወጥ ለውጡን ያመጣው ሰው በዋናው ኮድ ውስጥ ያሉትን ድራይቨሮች አብሮ እንዲያስተካክል ይጠበቅበታል። ይህ አሠራር ለመሣሪያ አምራቹ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ኮዱ አንድ ጊዜ ከገባ ሌሎች አብረውት ይንከባከቡለታልና። በአንጻሩ ለሚቀበለው ወገን መቀበል ማለት የሰው ልጅ ለማሳደግ ቤት እንደ መክፈት ነው። ጽፎ የላከው መሐንዲስ ሥራ ሊቀይር፣ ኩባንያውም ምርቱን ሊያቆም ይችላል፤ ኮዱ ግን በክፍሉ ኃላፊ ጫንቃ ላይ ይቆያል። ኃላፊው «በዚህ መልኩ አልቀበልም» ሲል የሚያስበው ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን ኮድ ስለሚከፍተው ሰው ነው። ላኪው ይህን ካልተረዳ ማንኛውም እምቢታ ንቀት ሆኖ ይታየዋል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የኤኤምዲ የግራፊክስ ድራይቨር ታሪክ ነው። ኩባንያው በ2016 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለአዳዲስ ካርዶቹ የማሳያ ክፍል የሚሆን፣ ወደ 100,000 መስመር የሚጠጋ ኮድ አቀረበ። ኮዱ በተለያዩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ላይ እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀ በመሆኑ በመሣሪያውና በከርነሉ መካከል የራሱ የሆነ ወፍራም አገናኝ ንብርብር ነበረው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የግራፊክስ ክፍሉ ኃላፊ ዴቭ ኤርሊ ኮዱን በነበረበት መልክ እንደማይቀበሉት አሳወቁ። የምክንያታቸው ፍሬ ነገር እንዲህ ያለው ንብርብር ከኩባንያው ውጭ ላለ ገንቢ እንደ ተዘጋ ቤት ነው የሚል ነበር። የጋራ መገናኛዎችን የሚያሻሽል ሰው እዚያ ሲደርስ ሊያነብበውም ሆነ ሊያስተካክለው የማይችለው ነገር ያጋጥመዋል። ከኩባንያው ወገን የተሰማው ቅሬታም መሠረተ ቢስ አልነበረም። የመሐንዲሶቹ ቁጥር ውሱን ነው፤ አዲስ ካርድ ገበያ የሚወጣበት ቀን አይጠብቅም፤ ለሊኑክስ ብቻ የሚሆን ኮድ መጻፍ ማለት አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ንግግሩ ሞቅ ያለ እንደነበር አይካድም። ሆኖም ማንም በሩን ዘግቶ አልሄደም። ኮዱ በብዙ ዙር ተስተካክሎ፣ ንብርብሩም ሳስቶ፣ በጃንዋሪ 2018 በወጣው ሊኑክስ 4.15 ውስጥ ገባ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እምቢታው እጅግ ጠንካራ ነበር። ለአንድ ትልቅ ኩባንያ የብዙ ሰው ድካም ያለበትን ሥራ «ፈርሶ ይሠራ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ያም ሆኖ የተሰጠው ምክንያት ሊሠራበት የሚችል ምክንያት ነበር፤ ምን እንደሚቀነስ፣ ለምን እንደሚቀነስ፣ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ ያሳያል። ላኪዎቹ ከትችቱ የሥራ ዝርዝር ማውጣት ቻሉ። አንድን የግምገማ አስተያየት አክባሪ የሚያሰኘው ከሁሉ በፊት ይህ ነው። «ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ትንሽ ይቀረዋል» ብሎ በለሰለሰ ቃል ማለፍ ላኪውን ሦስት ሳምንት በጨለማ ያስኬደዋል፤ ጨዋነት መስሎ የሰው ጊዜ መብላት ነው።

ከዚህ በመነሣት የቃል ጭካኔ ምንም ጉዳት የለውም ወደሚል ድምዳሜ መድረስ ግን ስሕተት ነው፤ የከርነሉ ማኅበረሰብም ዋጋውን ከፍሎበታል። ሴጅ ሻርፕ የዩኤስቢ 3.0 መቆጣጠሪያን ድራይቨር የጻፉ ባለሙያ ናቸው። ድራይቨሩ በ2009 ከሊኑክስ 2.6.31 ጋር ሲወጣ ሊኑክስ ለዩኤስቢ 3.0 ድጋፍ በመስጠት ከሌሎቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ቀደመ። በ2013 ሻርፕ በግምገማ ወቅት የሚሰነዘረው ስድብ እንዲቆም ሊነስ ቶርቫልድስን በአደባባይ ጠየቁ። ቶርቫልድስ ጥያቄውን አልተቀበሉትም፤ የማይሰማቸውን ትሕትና አስመስለው እንደማያሳዩ መለሱ። በ2015 ሻርፕ ከከርነል ሥራ መውጣታቸውንና ምክንያቱን በይፋ ጻፉ። ሙያቸው ይከበር እንደነበር፣ እንደ ሰው መከበርን መጠየቅ ግን እንዳልተቻላቸው የሚገልጽ ነበር። በዚያው ዓመት ማርች ላይ ማኅበረሰቡ የግጭት ደንብ የሚል አጭር ሰነድ አጽድቆ ነበር። ሰነዱ ኮድ ጠንከር ያለ ትችት እንደሚደርስበት አስቀድሞ ያስጠነቅቅና ተበደልኩ የሚል ሰው ለቴክኒክ አማካሪ ቦርዱ እንዲያመለክት ይጋብዝ ነበር። እንደ ደንብ ሲታይ ከማስጠንቀቂያ ብዙም አያልፍም።

ለውጡ የመጣው በሴፕቴምበር 2018 ነው። ቶርቫልድስ በጽሑፍ የሚሰነዝሯቸው ግላዊ ጥቃቶች ሙያዊ እንዳልነበሩ አምነው ይቅርታ ጠየቁ፤ ለጥቂት ሳምንታትም ከሥራ ገለል አሉ። በዚያው ሰሞን የግጭት ደንቡ በሥነ ምግባር ደንብ ተተካ፤ ሊኑክስ 4.19ንም ያወጡት ግሬግ ክሮህ ሃርትማን ነበሩ። ያን ጊዜ ብዙዎች ትችቱ ሲለዝብ የኮዱ ጥራት ይወድቃል ብለው ሠግተው ነበር። የሥጋቱ መነሻ ሁለት ነገሮችን እንደ አንድ መቁጠር ነው። የኤኤምዲን ኮድ ያስመለሰው የንብርብሩ ጉዳት እንጂ የቁጣ መጠን አልነበረም። ስድብ መረጃ አይጨምርም፤ እንዲያውም አንባቢው ከዘለፋው መካከል ቴክኒካዊውን ነጥብ ለቅሞ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። ብዙ ሰው አይለቅምም፤ ትቶ ይሄዳል። የአንድ መቆጣጠሪያ ድራይቨር ደራሲ ሲሄድ ደግሞ ለዓመታት የተከማቸ፣ በሰነድ ያልሰፈረ የመሣሪያ ዕውቀት አብሮ ይሄዳል።

ደንብ መጽደቁ ብቻውን ነገሩን አልፈታውም። በ2025 መጀመሪያ በረስት ቋንቋ የሚጻፉ ድራይቨሮች የከርነሉን ዲኤምኤ መገናኛ እንዲጠቀሙ በቀረበ ኮድ ላይ የተነሣው ውዝግብ ይህን ያሳያል። የዲኤምኤው ኃላፊ ኮዱን አጥብቀው ተቃወሙ። ሊኑክስን በአፕል ኮምፒዩተሮች ላይ ለማስኬድ የሚሠራው ፕሮጀክት መሪ ጉዳዩን ወደ ማኅበራዊ መገናኛ ወሰዱት። ቶርቫልድስም ይህን አካሄድ ነቀፉ፤ ብዙም ሳይቆይ መሪው ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። እዚህ ላይ ሁለቱም ወገን የሚወቀስበት ነገር አለው። አንዱ ላኪው በምንም ማስተካከያ ሊያሟላው የማይችል እምቢታ አቀረበ፤ ሌላው ደግሞ ኮዱን የማያነብብ ሕዝብ ለፍርድ ጠራ።

እስካሁን የተባለው ይበልጡን ስለ ገምጋሚው ነው። የላኪው ግዴታ ግን አይተናነስም፤ ለተመራቂ ተማሪዎችም ይበልጥ የሚቀርበው እርሱ ነው። ፓች የሚባለው የለውጥ ጥቅል አንድን ሐሳብ ብቻ እንዲይዝ፣ ማብራሪያውም የተደረገውን ብቻ ሳይሆን ያስፈለገበትን ምክንያት እንዲገልጽ የከርነሉ ሰነዶች ይጠይቃሉ። የተላከው ፓች መልስ ሲያጣ ከአንድ ሳምንት በፊት ደግሞ መላክ እንደማይገባም ያሳስባሉ። በፓቹ ግርጌ የሚሰፍሩት የማረጋገጫ መስመሮች እያንዳንዳቸው የተለየ ቃል ኪዳን ናቸው፤ «ሞክሬዋለሁ» ማለትና «ገምግሜዋለሁ» ማለት አይወራረሱም። መሣሪያው በላኪው እጅ ብቻ በሚገኝበት የድራይቨር ሥራ «ሞክሬዋለሁ» የሚለው ቃል የምስክርነት ያህል ክብደት አለው። በመሣሪያው ላይ ያልተሞከረ ኮድ «አልተሞከረም» ተብሎ ቢላክ አያሳፍርም፤ እንደተሞከረ ተደርጎ ቢላክ ግን የገምጋሚውን ብቸኛ መደገፊያ ይነጥቀዋል።

ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ወደዚህ ሥራ ለሚገቡ ተማሪዎች አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለ። በዕድሜ ወይም በማዕረግ የሚበልጥ ሰው ሲጠይቅ ዝም ማለት እንደ አክብሮት በሚቆጠርበት አስተዳደግ ውስጥ ያለፈ ተማሪ፣ የገምጋሚው ጥያቄ ተግሣጽ ሆኖ ይሰማውና ሳይመልስ ይቀራል። በግምገማ ሥርዓት ግን ያልተመለሰ ጥያቄ የፓቹ ሞት ነው፤ ገምጋሚውም የላኪውን ዝምታ እንደ ግዴለሽነት ይወስደዋል። ዝምታ የግድ የባህላችን የመጨረሻ ቃል አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር ይታረማል፤ ታርሞም እንደገና ይቆጥራል። ያ እርማት በተማሪው ላይ እንደ ውርደት አይቆጠርበትም።

በዩኒቨርሲቲና በገምጋሚዎች መካከል የነበረው መተማመን ክፉኛ የተፈተነው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው። በ2020 የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ሆን ተብሎ ስሕተት የገባበት ኮድ የከርነሉን ግምገማ ማለፍ ይችል እንደሆነ ለማጥናት በሐሰተኛ ስሞች ፓቾች ላኩ። ገምጋሚዎቹ የጥናት ተሳታፊ መሆናቸውን አላወቁም፤ ፈቃዳቸውም አልተጠየቀም። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ገምጋሚ አካል ሥራውን በሰዎች ላይ የሚደረግ ምርምር አድርጎ አልቆጠረውም ነበር። በኤፕሪል 2021 ከዚያው የምርምር ቡድን ፋይዳቸው ያልታየ ሌሎች ፓቾች ሲመጡ ግሬግ ክሮህ ሃርትማን ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ኮድ እንዳይቀበሉ ወሰኑ። ተመራማሪዎቹ ይቅርታ ጠየቁ፤ ለታላቅ ጉባኤ ተቀባይነት አግኝቶ የነበረው ጽሑፋቸውም እንዲነሣ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በክርክሩ ውስጥ የሚገባውን ያህል ቦታ አላገኘም። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ በቀደሙት ዓመታት የገቡ ከ400 የሚበልጡ ለውጦች እንደገና አንድ በአንድ ተመረመሩ። የሊኑክስ ፋውንዴሽን የቴክኒክ አማካሪ ቦርድ በሜይ 2021 ባወጣው ሪፖርት ከእነዚህ አብዛኞቹ ትክክለኛ ሆነው መገኘታቸውን፣ በጥናቱ የተላኩት ስሕተት ያለባቸው ፓቾችም ወደ ኮዱ አለመግባታቸውን ገለጸ። እንግዲህ ብዙ ገንቢዎች ቀናትና ሳምንታት ያጠፉት በአመዛኙ ደህና የነበረን ኮድ ደግመው ለማንበብ ነው። አዲስ ድራይቨር ልከው ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎችም የዚያን ጊዜ ዋጋ ተካፍለዋል። የሥነ ምግባር አካሉ ያልመዘነው ጉዳት ይህ ነበር፤ ለገምጋሚ ጊዜው አካሉ ነው።

አንዳንዶች ጥናቱ እውነተኛ ድክመት ለመጠቆም የተነሣ ነበር ይላሉ። የግምገማ ሥርዓቱ በቀና ልቡና ላይ የቆመ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህን ለማወቅ ግን ቀናነቱን ማቃጠል አያስፈልግም ነበር። ያለፉ ፓቾችንና የተደረሰባቸውን ስሕተቶች ከአደባባይ መዝገቡ መርምሮ ብዙ መማር ይቻላል። የከርነሉ ማኅበረሰብ በ2022 ለተመራማሪዎች ባወጣው መመሪያም በይፋ ያለን መዝገብ ማጥናት በግልጽ የተፈቀደ መሆኑን፣ በገንቢዎች ጠባይ ላይ ሙከራ ማድረግ ግን አስቀድሞ ግልጽ ስምምነት እንደሚጠይቅ አስቀምጧል። መመሪያው ከዚህም አልፎ ስሕተት በምርምር መሣሪያ ሲገኝ እንዴት እንደተገኘ፣ በሥራ ላይ ባለ ሲስተም እንዴት ሊደረስበት እንደሚችል፣ ማስተካከያውም እንዴት እንደተፈተሸ እንዲገለጽ ይጠይቃል።

ይህ የመጨረሻ ነጥብ ከሚኒሶታው ቅሌት ይልቅ ብዙ ተመራቂዎችን ይመለከታል፤ ማታለል የሌለበት፣ ነገር ግን በየዕለቱ የሚደገም ጉዳይ ነውና። ኮድን ሳያስኬዱ ስሕተት የሚያድኑ ፕሮግራሞችን የሚሠሩ ተመራማሪዎች የሥራቸውን ብቃት ከሚያሳዩባቸው መንገዶች አንዱ በሊኑክስ ተቀባይነት ያገኙ ፓቾችን ቁጥር መጥቀስ ነው። ድራይቨሮች ብዙ ስለሆኑ ጥሩ ማደኛ ሜዳ ናቸው። መሣሪያው ስሕተት ሊሆን ይችላል ያለውን ሁሉ ተማሪው መሣሪያውን ሳያውቅ፣ ኮዱንም በቅጡ ሳያነብብ ፓች አድርጎ ሲልከው እውነተኛውን ከሐሰተኛው የመለየቱ ሥራ በክፍሉ ኃላፊ ላይ ይወድቃል። በሌላ አነጋገር የምርምሩን የማረጋገጫ ምዕራፍ በነጻ የሚሠሩት ስማቸው በጽሑፉ የማይጠቀስ ገምጋሚዎች ናቸው። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ፓች ለማረጋገጥ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆኑ ነገሮች ከዩኒቨርሲቲዎች አቅም በላይ አይደሉም። አማካሪ ቦርዱ ከሚኒሶታ ጉዳይ በኋላ ያቀረበው ምክር ፓች ከተቋሙ ከመውጣቱ በፊት ልምድ ባለው ሰው በውስጥ እንዲገመገም ነው። ይህ ለማንኛውም ክፍል ይሠራል፤ አንድ ላቦራቶሪ ተማሪዎቹ የሚልኩትን ድራይቨር ወይም ማስተካከያ በመጀመሪያ እርስ በርሳቸው እንዲገመግሙት ቢያደርግ ግማሹ ጥያቄ በቤት ውስጥ ይመለሳል። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችም በክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ላይ የሚደረግ ጥናት ሲቀርብላቸው ከኮዱ በስተጀርባ የሚያነብብ ሰው መኖሩን መጠየቅ ይገባቸዋል። ጀማሪዎች የሚማሩበት ቦታም አለ። ከ2008 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ስቴጂንግ በሚል ስም የተለየው ክፍል ገና ለዋናው ኮድ ያልበቁ ድራይቨሮች ከሚቀራቸው ሥራ ዝርዝር ጋር የሚቀመጡበት ነው። «ኮድህ አልደረሰም፤ አንተ ግን ግባ» የሚል አሠራር ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ከተጠቀሱት ደንቦች ሁሉ ይልቅ መከባበርን በተግባር ያዋለው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

የቀረው የምዘና ጉዳይ ነው። በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ «ይህን ያህል ፓች ተቀባይነት አገኘ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲነበብ ፈታኞች ቁጥሩን መዝግበው ያልፋሉ። ከዚያ ቀጥሎ ተማሪው የሌሎችን ስንት ፓች እንደገመገመ፣ በስንቱ ላይስ ስሙን በገምጋሚነት ለማስፈር እንደደፈረ ቢጠይቁ መልሱ ከመዝገቡ በደቂቃዎች ውስጥ የሚገኝ ነው። ግምገማ በተማሪው የምርምር ሥራ ውስጥ የማይቆጠር ከሆነ የትኛውም ተማሪ ጊዜውን አይሰጠውም፤ ተማሪው የላካቸውን ፓቾች ግን አሁንም ሌላ ሰው ማታ ማታ ተቀምጦ እያነበበለት ነው።